የየቲሞች ካሳና የሐኪም ምስክርነት



ደምበጫ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር በሚያልፈው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ ከተማ ናት። እንዲህ ባለው መንገድ ዳር አባት በመኪና አደጋ ሲሞት፣ የልጆቹ ካሳ ብዙ ጊዜ በአንድ ጥያቄ ላይ ይንጠለጠላል፤ ለሞቱ ምክንያት የሆነው አደጋው ነውን?

በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2081 የተሽከርካሪውን ባለቤት ኃላፊ ያደርጋል፤ በቁጥር 2095 ደግሞ ለሟች የትዳር ጓደኛ፣ ወላጆችና ልጆች ካሳ የመጠየቅ መብት ይሰጣል። ሆኖም ተጎጂው ከሆስፒታል ወጥቶ ከሳምንታት በኋላ ቢያርፍ፣ ተከሳሹ «የሞተው በሌላ ሕመም ነው» ብሎ ሊከራከር ይችላል። እዚህ ላይ የጎረቤት ምስክርነት አይበቃም፤ የሐኪም ሙያዊ ቃል ያስፈልጋል።

ስለዚህ ሞግዚት የሆነ ሰው ቀጠሮው ሳይደርስ የሚከተሉትን ሊያሰናዳ ይገባል።

አንደኛ፣ ሟቹ ከታከመባቸው ተቋማት ሁሉ የሕክምና ማስረጃና የሪፈር ወረቀት ይሰብስብ። ሁለተኛ፣ ያከመውን ሐኪም ስምና አድራሻ እንዲሁም የሚመሰክርበትን ጭብጥ ከክሱ ጋር በሚቀርበው የማስረጃ ዝርዝር ያስመዝግብ፤ የሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 223 ይህን ያዛል። ሐኪም ከቦታ ቦታ ይዛወራልና መጥሪያው በጊዜ እንዲወጣ ይጠይቅ። ሦስተኛ፣ ሐኪሙን ያየውን እንጂ እኛ የምንሻውን እንዲናገር አይጠይቀው። አራተኛ፣ ሐዘን ጊዜን እንዳያስረሳው ይጠንቀቅ፤ በቁጥር 2143 መሠረት የካሳ ክስ በመርሕ ደረጃ በ2 ዓመት ውስጥ መቅረብ አለበት።

ከሁሉ የሚከብደው የአስከሬን ምርመራ ነው። ቀብርን ማፋጠን ሱና በመሆኑ ብዙ ቤተሰቦች ምርመራውን ይሸሻሉ፤ ከቀብር በኋላ ግን ማስረጃውን ማግኘት አዳጋች ይሆናል። የዓለም ሙስሊም ሊግ የፊቅህ ምክር ቤት በ1980 ዓ.ም. (1408 ዓ.ሂ.) መካ ላይ ባካሄደው 10ኛ ጉባኤው፣ በወንጀል ጉዳይ ዳኛው የሞቱን ምክንያት በሌላ መንገድ ማወቅ ሲሳነው ምርመራውን ፈቅዷል። ከሚያስፈልገው በላይ አካል እንዳይነካ፣ ክፍሎቹም ሁሉ እንዲቀበሩ፣ ሴት ሐኪም እስካለች ድረስ የሴትን አስከሬን ሴት እንድትመረምር አሳስቧል። እንግዲህ ፖሊስ ምርመራ ሲጠይቅ ቤተሰብ ከመቃወሙ በፊት ዑለማን ያማክር።

ውድ ለጋሾች፤ ለየቲም የምንለግሰው ብርና ልብስ ያልቃል፤ በፍርድ የተረጋገጠ ካሳ ግን እስከ አካለ መጠን ሊያደርሰው ይችላል። አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱ አን-ኒሳእ የየቲሞችን ገንዘብ ስናስረክብ ምስክር እንድናቆም አዝዞናል። ገንዘቡ እጃቸው እንዲገባም ምስክር ማቆም ከዚሁ አደራ የሚቆጠር ነው። የሐኪምን የመጓጓዣና የውሎ አበል ወጪ መሸፈን፣ የማስረጃ ቅጂ ማውጣት፣ እናትን እስከ ችሎት መሸኘት ሁሉ ሰደቃ ነው።