ቅዝቃዜ የማይገታቸው ባክቴሪያዎችና በመንገድ የተጎሳቆለ ፍየል

ከሞጆና ከቢሾፍቱ ቄራዎች በአውሮፕላን ወደ ዱባይና ጅዳ የሚላከው የፍየልና የበግ ሥጋ በአብዛኛው በበረዶ የደረቀ ሳይሆን የቀዘቀዘ ነው። በዚህ ቅዝቃዜ ብዙው ተህዋስ ሥራ ያቆማል። ሱዶሞናስ የሚባሉት ባክቴሪያዎች ግን በ0 እና በ4 ዲግሪ መካከልም ይራባሉ። የሌሎች ኢንዛይም ሲበርደው ይደነዝዛል፤ የእነዚህ ግን ልል ቅርጽ ስላለው በብርድም ፕሮቲንና ስብ ይሰባብራል። ወተት ላይማ ይብሳሉ፤ በማፍላት ባክቴሪያው ቢሞትም ኢንዛይሙ ሊተርፍ ይችላል።

ነጋዴውን የሚነካው ነገር የሚጀምረው ከቄራው በፊት ነው። በደንብ የበላና ያረፈ እንስሳ በጡንቻው ውስጥ ስኳር ያከማቻል። ከታረደ በኋላ ስኳሩ ወደ አሲድ ይለወጥና የሥጋው ፒኤች ከ7 አካባቢ ወደ 5.5 ገደማ ይወርዳል። ባክቴሪያዎቹም መጀመሪያ የሚበሉት የተረፈውን ስኳር ነው፤ ወደ ፕሮቲኑ የሚዞሩት እሱ ሲያልቅ ነው። መጥፎው ሽታና ዝልግልጉ የሚመጣው ያኔ ነው።

ከቦረና ተጭኖ ያለ ውኃና መኖ የሰነበተ፣ በዱላ የተደበደበ ፍየል ግን ስኳሩን መንገድ ላይ ጨርሶታል። ፒኤቹ ከ6 በላይ ይቀራል፤ ሥጋው ይጠቁራል። ባክቴሪያዎቹ በቀጥታ ፕሮቲኑ ላይ ስለሚያርፉ ማቀዝቀዣው ደህና ቢሠራም ሥጋው ቀድሞ ይሸታል። በቄራው በር አንድ ሌሊት ማሳደር ብቻውን አይበቃም፤ የሚያመሰኳ እንስሳ የጡንቻውን ስኳር ለመተካት ቀናት ይፈጅበታል።