ትርፍ ቅጂ ያለው ጂን

ኮዴይን የሚባለው የሕመም ማስታገሻ በራሱ ብዙም አቅም የለውም። ሕመም የሚያስታግሰው ጉበት ከፊሉን ወደ ሞርፊን ሲለውጠው ነው። ይህን ለውጥ የሚያካሂደውን ኢንዛይም የሚያሠራው ጂን ሲፕ2ዲ6 ይባላል፤ በዚህ ጂን ጥናት ውስጥ ኢትዮጵያውያን ልዩ ስፍራ አላቸው።

ሲፕ2ዲ6 በ22ኛው ክሮሞዞም ላይ ይገኛል። ርዝመቱ 4,400 ያህል የዲኤንኤ ፊደል ነው፤ ለኢንዛይሙ አሠራር የሚነበበው ግን 1,500 ያህሉ ብቻ ነው። ይህም ኤክሰን በሚባሉ 9 ክፍሎች ተበታትኖ ተቀምጧል። በመካከል ያሉት ኢንትሮኖች መልእክቱ ከተገለበጠ በኋላ ተቆርጠው ይወጣሉ። ከጎኑ ሲፕ2ዲ7 እና ሲፕ2ዲ8 አሉ፤ በጣም ይመስሉታል፣ የሚሠራ ኢንዛይም ግን አያስገኙም። ክሮሞዞሞች ክፍላቸውን ሲለዋወጡ ይህ መመሳሰል ያሳስታቸዋል፦ አንዱ ጂኑን ያጣል፣ ሌላው ደርቦ ይይዛል።

ድርቡን ለማየት እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ተመራማሪዎች ኤክስባ-ዋን በተባለ ኢንዛይም ዲኤንኤውን ይቆርጡ ነበር። ጂኑ አንድ ከሆነ 29,000 ያህል ፊደል ያለው ቁራጭ ይወጣል፤ ሁለት ከሆነ 42,000። በጄል ላይ ኤሌክትሪክ ሲለቀቅ ረጅሙ ወደ ኋላ ስለሚቀር ልዩነቱ በዓይን ይለያል።

እ.ኤ.አ. በ1996 ተመራማሪዋ እሌኒ አክሊሉ በስዊድን ካሮሊንስካ ኢንስቲትዩት ከባልደረቦቻቸው ጋር የ122 ኢትዮጵያውያንን ጂን መርምረው ውጤቱን አሳተሙ። 29 ከመቶው ድርብ ወይም ከዚያ በላይ ቅጂ ነበራቸው። በስዊድናውያን ዘንድ ቁጥሩ ከ1 እስከ 2 ከመቶ ነው። ኢንዛይሙ በዕፅዋት ውስጥ ያሉ መርዛማ ንጥረ ነገሮችን ስለሚሰብር፣ ትርፍ ቅጂ ያላቸው በረሃብ ዘመን የበለጠ ምግብ ማግኘት ችለው ይሆናል የሚል መላምት አለ።

ዛሬ ግን ትርፉ አደጋም አለው። ኮዴይን በፍጥነት ሞርፊን ሲሆን ትንፋሽን ሊያፍን ይችላል። የአሜሪካ የምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን እ.ኤ.አ. በ2017 ከ12 ዓመት በታች ላሉ ሕፃናት እንዳይሰጥ ያስጠነቀቀው ለዚህ ነው። እንደ አሚትሪፕቲሊን ባሉ መድኃኒቶች ላይ ደግሞ ተቃራኒው ይደርሳል፤ ቶሎ ተሰባብረው የታሰበውን ያህል ሳይሠሩ ይቀራሉ።

ጂኑ ብቻውን ሁሉን አይወስንም። እ.ኤ.አ. በ2002 የወጣው የእሌኒ ሌላ ጥናት፣ አንድ ዓይነት ጂን ኖሯቸው በኢትዮጵያ የሚኖሩት ኢንዛይማቸው በስዊድን ከሚኖሩት ኢትዮጵያውያን ይልቅ ዝግ ብሎ እንደሚሠራ አሳይቷል። የአካባቢ ተጽዕኖም ስላለ፣ በውጭ አገር ሰው ላይ የተለካ መጠን በቀጥታ ለእኛ አይሆንም።

ስለዚህ ለምሳሌ ከደብረ ማርቆስ ወደ ደጀን በሚወስደው መንገድ ላይ ያለችው አምበር ውስጥ፣ ኮዴይን የታዘዘለት ሰው ከልክ ያለፈ እንቅልፍ ከያዘው ወይም ትንፋሽ ካጠረው ሳይዘገይ ወደ ጤና ጣቢያ ሊወሰድ ይገባል። ሐኪሙም የደረሰውን በታካሚው ካርድ ላይ ያስፍረው። የመድኃኒት መጠን በአገራችን ሰው ጂንና ኑሮ ላይ ተጠንቶ መወሰን አለበት፤ የሚያጠናም ባለሙያ እንዳለን ታይቷል።