«ተገዢ» የተባለው መሣሪያ ከምን ጋር ተነጻጽሮ ነው?

በባንክ፣ በዩኒቨርሲቲ ወይም በሆስፒታል ኔትወርክ ውስጥ የተዘረጉት ራውተሮችና ስዊቾች ቁጥራቸው ከመቶ ሲያልፍ እያንዳንዱን መሣሪያ በተናጠል ከፍቶ ማየት አዳጋች ስለሚሆን፣ ተቋማት ሁሉንም ከአንድ ማዕከል ለመከታተል የኔትወርክ ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር ይጠቀማሉ። የሲስኮው ካታሊስት ሴንተር፣ የሶላርዊንድስና የማኔጅኢንጅን ምርቶች፣ እንዲሁም በነጻ የሚገኙት ራንሲድና ኦክሲዳይዝድ ከዚህ ወገን የሚመደቡ ናቸው። ባለሙያዎች በተለምዶ ኮንፊገሬሽን የሚሉት ውቅር አንድ መሣሪያ የትኛውን የመረጃ ፍሰት እንደሚያሳልፍ፣ የትኛውን እንደሚያግድና ማን ገብቶ ሊያዘው እንደሚችል የሚወስኑ የትእዛዝ መስመሮች ስብስብ ሲሆን፣ ተገዢነት ደግሞ ይህ ውቅር አስቀድሞ ከተቀመጠ መስፈርት ጋር ተነጻጽሮ መስማማቱ ነው። በዕለት ተዕለት ሥራ እንደሚታየው ባለሙያው የተገዢነት ገጹን ከፍቶ ቀይ ምልክት ያለባቸውን መሣሪያዎች ያርማል፣ አረንጓዴዎቹን ቆጥሮ በሪፖርቱ ላይ ያሰፍራል፣ ገጹንም ይዘጋል፤ «ተገዢ» የተባለው መሣሪያ ከምን ጋር ተነጻጽሮ ተገዢ እንደተባለ የሚናገረው ዝርዝር ግን ሳይከፈት ይውላል። ከቀዩ ምልክት ይልቅ ይበልጥ ሊመረመር የሚገባው ይህ ሳይከፈት የሚውለው ዝርዝር ነው።

በአብዛኞቹ ራውተሮችና ስዊቾች ውስጥ ውቅሩ በሁለት ቅጂ ይኖራል። አንደኛው ራኒንግ ኮንፊግ የሚባለው በሥራ ላይ ያለ ውቅር ሲሆን፣ መሣሪያው በዚያች ደቂቃ የሚመራበትና ኃይል ሲቋረጥ በሚጠፋ ማህደረ ትውስታ ውስጥ የተቀመጠ ነው፤ ሁለተኛው ስታርታፕ ኮንፊግ የሚባለው የመነሻ ውቅር ሲሆን፣ መብራት ቢጠፋም ሳይጠፋ ቆይቶ መሣሪያው እንደገና ሲነሣ የሚያነበው ነው። ለውጥ ያደረገ ባለሙያ ሥራውን ሳያስቀምጥ ከወጣ ሁለቱ ቅጂዎች ይለያያሉ፤ ልዩነቱም ለወራት ምንም ምልክት ሳያሳይ ይቆይና መብራት ጠፍቶ የመጠባበቂያው ባትሪ ሲያልቅ መሣሪያው ወደ አሮጌው ውቅር ተመልሶ ይነሣል፤ የቅርንጫፉም ግንኙነት ማንም ሳይነካው የተበላሸ ይመስላል። የኤሌክትሪክ መቆራረጥ በሚያጠቃቸው የኢትዮጵያ ከተሞች ቅርንጫፍ ያላቸው ተቋማት ይህን ንጽጽር በየዕለቱ የሚመለከቱበት በቂ ምክንያት አላቸው።

ካታሊስት ሴንተር በሁለቱ ቅጂዎች መካከል ልዩነት ሲያገኝ መሣሪያውን ተገዢ ያልሆነ ብሎ ይመዘግባል፣ ሁለቱንም ጎን ለጎን አቅርቦ የተጨመሩትን፣ የተቀነሱትንና የተለወጡትን መስመሮች ያሳያል፣ ልዩነቱን የሚያስወግድ የማስማሚያ ትእዛዝም ያቀርባል። ትእዛዙ የሚሠራው በሥራ ላይ ያለውን ውቅር ወስዶ በመነሻው ውቅር ላይ በመጻፍ ነው። በሥራ ላይ ያለው ውቅር ትክክለኛ ይሁን አይሁን ግን በዚህ ንጽጽር የሚመዘንበት መንገድ የለም። ለሙከራ ሲባል ለአንድ ሰዓት የተከፈተ ወደብ ሳይዘጋ ከቀረ፣ ወይም ያልተፈቀደለት ሰው የጨመረው የተጠቃሚ ስም በውስጡ ካለ፣ መሣሪያው ጠፍቶ ቢነሣ ኖሮ ይጠፋ የነበረው ያ መስመር ትእዛዙ ሲሰጥ ቋሚ ይሆናል፣ ምልክቱም ከቀይ ወደ አረንጓዴ ይለወጣል። ሰርጎ ገቡ ለውጡን ራሱ አስቀምጦት ከወጣ ደግሞ ሁለቱ ቅጂዎች ስለሚስማሙ ቀዩ ምልክት ከመጀመሪያውም አይታይም። ከአንድ ቤት የመጡ ሁለት ምስክሮች ቃላቸው ቢገጥም ዳኛ ሌላ ማስረጃ እንደሚጠይቅ ሁሉ፣ የአንድ መሣሪያ ሁለት ቅጂዎች መስማማትም ሌላ ማስረጃ ያስፈልገዋል፤ ይህም ማስረጃ ሶፍትዌሩ በየጊዜው እየቀዳ የሚያስቀምጣቸው የቀደሙ ቅጂዎችና ለውጡን የፈቀደው ሰነድ ነው። ስለዚህ የማስማሚያው ትእዛዝ ከመሰጠቱ በፊት የተለወጠው እያንዳንዱ መስመር በማን ፈቃድ እንደተለወጠ መጠየቅ አለበት፤ ባለቤት ያልተገኘለት መስመር ካለም ትእዛዙ መዘግየት ይኖርበታል።

ሌሎቹ ንጽጽሮች መለኪያቸውን ከመሣሪያው ውጭ ስለሚያመጡ ምስክርነታቸው ጠንከር ይላል። በመሣሪያው ላይ የተጫነው የሥርዓተ ክወና እትም ተቋሙ መርጦ ካጸደቀው፣ ጎልደን ኢሜጅ ከሚባለው እትም ጋር ይነጻጸራል፤ እትሙ አምራቹ ይፋ ባደረጋቸው ከባድ የደኅንነት ክፍተቶች የሚነካ መሆን አለመሆኑ ይታያል፤ አምራቹ ለመሣሪያው ድጋፍ መስጠት የሚያቆምበት ቀን ማለፉም ይመረመራል፤ ውቅሩም ተቋሙ ካዘጋጀው አብነት፣ ማለትም ለአንድ ዓይነት መሣሪያዎች ሁሉ እንዲያገለግል ከተጻፈ የውቅር ናሙና ጋር ይተያያል። እነዚህ ሁሉ በአንድ ገጽ ላይ ተሰብስበው ሲታዩ ከአሥር አረንጓዴዎች መካከል ያለች አንዲት ቀይ ቀላል ትመስላለች፤ የድጋፍ ጊዜው ያለፈበት መሣሪያ ግን ነገ ክፍተት ቢገኝበት ማሻሻያ የማይመጣለት በመሆኑ ያች አንዲት ቀይ ከሌሎቹ አረንጓዴዎች ሁሉ ልትከብድ ትችላለች።

ከአብነት ጋር በሚደረገው ንጽጽር ውስጥ በቀላሉ የማይታይ ችግር አለ፤ እርሱም ያልተጻፈ መስመር ነው። ብዙ መሣሪያዎች ውቅራቸውን ሲያሳዩ ከፋብሪካ የመጡበትን ነባሪ አሠራር ስለማይዘረዝሩ፣ በውቅሩ ውስጥ የማይታይ አገልግሎት በመሣሪያው ላይ ክፍት ሆኖ ሊሠራ ይችላል። ስማርት ኢንስቶል የተባለው የሲስኮ አገልግሎት አዲስ ስዊች ከሳጥኑ ወጥቶ ኬብሉ እንደተሰካ ውቅሩንና ሶፍትዌሩን በራሱ ከማዕከል እንዲቀበል ታስቦ የተሠራ ሲሆን፣ የትእዛዝ ሰጪውን ማንነት ሳያረጋግጥ በቲሲፒ ወደብ 4786 ላይ ትእዛዝ የሚጠብቅና በብዙ ስዊቾች ላይ ከፋብሪካው ክፍት ሆኖ የሚመጣ ነበር። ሲስኮ በዚህ አገልግሎት ላይ የተገኘውን፣ ሲቪኢ-2018-0171 የሚል መለያ የተሰጠውን ክፍተት የሚደፍን ማሻሻያ እ.ኤ.አ. ማርች 28 ቀን 2018 አወጣ። ከዘጠኝ ቀናት በኋላ፣ በኤፕሪል 6፣ አገልግሎቱ ክፍት የነበረባቸው ስዊቾች በኢራን፣ በሩሲያና በሌሎችም አገሮች ውቅራቸው ተሰርዞ የአሜሪካ ባንዲራ ምስልና የማስጠንቀቂያ መልእክት ተጻፈባቸው፤ የኢራን የኮሙኒኬሽን ሚኒስቴር በዓለም ዙሪያ 200,000 ያህል፣ በኢራን ብቻ 3,500 መሣሪያዎች እንደተነኩ አስታወቀ። አገልግሎቱ መዘጋቱን የሚናገረው «ኖ ቪስታክ» የሚለው መስመር ስለሆነ፣ የእነዚያን ስዊቾች ውቅር ከላይ እስከ ታች ላነበበ ባለሙያ አደጋው የሚገለጠው በዚያ መስመር አለመኖር ነበር። ስለዚህ «ይህ መስመር መኖር አለበት» እና «ይህ መስመር መኖር የለበትም» የሚሉ ሕጎች ብቻ የተጻፉበት የተገዢነት መስፈርት ነባሪውን አሠራር ከማያውቅ ሰው እጅ የወጣ ከሆነ፣ ክፍቱን በር እንደተዘጋ ቆጥሮ አረንጓዴ ያሳያል።

የጠፋ መስመር ምን ሊያስከትል እንደሚችል እ.ኤ.አ. ጁላይ 8 ቀን 2022 በካናዳ ታይቷል። ሮጀርስ የተባለው የቴሌኮም ኩባንያ ኔትወርኩን በማሻሻል ላይ ሳለ በአከፋፋይ ራውተሮች ላይ የነበረ የማጣሪያ ሕግ ከውቅሩ ተነሣ፤ ማጣሪያው ይገድባቸው የነበሩት የአቅጣጫ መረጃዎችም ወደ ማዕከላዊ ራውተሮች ጎርፈው አቅማቸውን በማለፋቸው ከ12 ሚሊዮን በላይ ደንበኞች አገልግሎት አጡ። የማስተዳደሪያ ኔትወርኩ የተመሠረተው በዚያው በወደቀው ማዕከል ላይ ስለነበረ ባለሙያዎቹ መሣሪያዎቹን ከሩቅ ደርሰው ማየት ተሳናቸው። ማስተዳደሪያ ሶፍትዌር የራሱ የተለየ መንገድ ሊኖረው እንደሚገባ፣ የመጨረሻው ትክክለኛ ውቅር ቅጂም ኔትወርኩ ሳይሠራ ሊደረስበት በሚችል ቦታ መቀመጥ እንዳለበት ከዚህ የበለጠ ማሳያ አያስፈልግም።

በተገዢነት ዝርዝር ውስጥ በቸልታ የሚታለፍ ሌላ ዐምድ አለ፤ እርሱም ሶፍትዌሩ መሣሪያውን መጨረሻ ያየበት ሰዓት ነው። መሣሪያው ለሦስት ሳምንት ሳይገኝ ቆይቶ ከሆነ ምልክቱ የሦስት ሳምንት አሮጌ ነው፤ ቀለሙ ግን የዛሬውን ይመስላል። በኢትዮጵያ ውስጥ ይህ ጉዳይ ተጨማሪ ጥንቃቄ ይጠይቃል። ሶፍትዌሩ በዓለም አቀፉ ሰዓት 06:00 ብሎ የመዘገበው ለውጥ በምሥራቅ አፍሪካ ሰዓት 09:00፣ በአገሬው አቆጣጠር ደግሞ ጠዋት 3 ሰዓት ነው፤ ለውጡን የፈቀደው ደብዳቤ መስከረም 5 ቀን 2017 ሲል የመሣሪያው መዝገብ ሴፕቴምበር 15 ቀን 2024 ይላል። ሦስት የሰዓት ቁጥርና ሁለት የቀን አቆጣጠር በሚገናኙበት መሥሪያ ቤት የለውጥ ሰነዱ ሁለቱንም አቆጣጠር ጎን ለጎን ካልያዘ፣ መሣሪያዎቹም ኤንቲፒ በተባለው የሰዓት ማስተካከያ ፕሮቶኮል አንድ ሰዓት እንዲይዙ ካልተደረገ፣ የተፈቀደውን ለውጥ ካልተፈቀደው መለየት ከባድ ይሆናል።

ውቅሩን የሚያሳየው ገጽ ራሱ ጥበቃ የሚሻ መሆኑም መዘንጋት የለበትም፤ የውቅር ፋይል የተጠቃሚ ስሞችን፣ የይለፍ ቃላትን፣ የውስጥ አድራሻዎችንና የማጣሪያ ሕጎችን በአንድ ላይ የያዘ ሰነድ ነውና። በሲስኮ መሣሪያዎች የይለፍ ቃል የሚቀመጥባቸው ዘዴዎች በቁጥር የሚለዩ ሲሆን፣ ዓይነት 7 የሚባለው በቅጽበት ሊፈታ የሚችል ደካማ መሸፈኛ በመሆኑ የአሜሪካ ብሔራዊ ደኅንነት ኤጀንሲ እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2022 ባወጣው መመሪያ እንዳይሠራበት አሳስቦ ዓይነት 8ን መክሯል። ሆኖም «ሰርቪስ ፓስዎርድ ኢንክሪፕሽን» የሚለው መስመር በውቅሩ ውስጥ መኖሩን ብቻ የሚጠይቅ የተገዢነት ሕግ፣ ይህ መስመር የሚያስገኘው ዓይነት 7ን ስለሆነ፣ ደካማውን መሸፈኛ እንደ ጥበቃ ቆጥሮ አረንጓዴ ይሰጣል። የክፍያ ካርድ መረጃ የሚያስተናግዱ ተቋማት የሚመሩበትና ቪዛና ማስተርካርድ የሚያወጡ የኢትዮጵያ ባንኮችንም የሚመለከተው የፒሲአይ ዲኤስኤስ መስፈርት የውቅር ፋይሎች ካልተፈቀደ መዳረሻ እንዲጠበቁና በሥራ ላይ ካለው ውቅር ጋር የተስማሙ ሆነው እንዲቆዩ ያዛል። የአሜሪካ ፌዴራል የምርመራ ቢሮ እ.ኤ.አ. በኦገስት 2025 እንዳስታወቀው ደግሞ ከሩሲያ የፌዴራል ደኅንነት አገልግሎት ጋር የተያያዙ ሰርጎ ገቦች ያንኑ የ2018 የስማርት ኢንስቶል ክፍተት በመጠቀም በሺህ ከሚቆጠሩ መሣሪያዎች የውቅር ፋይሎችን ሰብስበዋል፤ በአንዳንዶቹም ላይ በኋላ ተመልሰው ለመግባት የሚያስችላቸውን ለውጥ በውቅሩ ውስጥ አድርገዋል። ማሻሻያው ከወጣ ሰባት ዓመት አልፎት ነበር።

ከዚህ ሁሉ በስተጀርባ ያለው ሥራ የሰው ሥራ ነው፤ አብነቱን የሚጽፈው፣ ሕጉን የሚያወጣው፣ «ይህ መሣሪያ ለጊዜው ከሕጉ ነጻ ይሁን» ብሎ የሚፈቅደው ሰው ነውና። ምክንያቱ ያልተጻፈለት ሕግ ጸሐፊው መሥሪያ ቤቱን ሲለቅ ማንም የማይደፍረው መስመር ሆኖ ይቀራል፤ ማብቂያ ቀን ያልተሰጠው ፈቃድም በጊዜ ብዛት ራሱ ሕግ ይሆናል። የኔትወርክ ክፍል ኃላፊዎች ሊያደርጉት የሚገባው ከባድ አይደለም፤ በየወሩ ተገዢ ከተባሉት መካከል ጥቂት መሣሪያዎችን መርጠው ዝርዝራቸውን ይክፈቱ፣ ነባሪውን አሠራር ጨምሮ ሙሉ ውቅሩን ከመሣሪያው በቀጥታ አውጥተው ከአብነቱ ጋር ያስተያዩ፣ ለእያንዳንዱ ሕግ ምክንያቱን፣ ለእያንዳንዱ ልዩ ፈቃድም የፈቃጁን ስምና የማብቂያ ቀኑን ያስጽፉ፤ ድጋፉ ያበቃለትና ስማርት ኢንስቶል ያልተዘጋበት ስዊች በኔትወርካቸው ውስጥ ካለ አገልግሎቱን ዛሬውኑ ይዝጉ፣ ለመሣሪያውም ምትክ በጀት ይጠይቁ።