ነርሷ ሚስት ቀድማ ስትሄድ

ይህን ነገር ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። እሑድ ጠዋት ነው። ስብከቱ አብቅቶ ማስታወቂያ ይነገራል። «እኅታችን የፊታችን ማክሰኞ ወደ አሜሪካ ትሄዳለች፤ ጌታ በር ከፍቶላታል፤ ሽማግሌዎች ወደ ፊት ውጡና እንጸልይላት» ይባላል። እኅታችን ትወጣለች፤ ባሏም ታናሿን ልጅ ታቅፎ አጠገቧ ይቆማል። እጅ ይጫናል፣ እልልታው ይቀልጣል፣ ደጅ ላይ ፎቶ እንነሣለን። ማክሰኞ ማታ ቦሌ ሄደን እንሸኛለን። ረቡዕ ጠዋት ባልየው ብቻውን ተነሥቶ ልጆቹን አልብሶ ትምህርት ቤት ያደርሳል። ስለ ረቡዕ ጠዋት ግን ማንም አልጸለየም።

እኔም ከእልልተኞቹ አንዷ ነበርኩ። ባለቤቴ መጋቢ በመሆኑ እጅ ከሚጭኑት መካከል እርሱ ነበር፤ እኔ ከፊት ወንበር እልል እል ነበር። ዛሬ ስለ አንድ ቤተሰብ የምጽፍላችሁ ባልና ሚስቱ ፈቅደውልኝ ነው። ስማቸውን ግን አልጠቅስም።

እርሷ በአዲስ አበባ በአንድ የመንግሥት ሆስፒታል ዘጠኝ ዓመት ያገለገለች ነርስ ናት። እርሱ የሁለተኛ ደረጃ መምህርና በመዘምራን የሚያገለግል ወንድም ነው። ዲቪ ደርሷት በ1997 ዓ.ም. ክረምት ቪዛ ስታገኝ ወንዱ ልጃቸው ስድስት ዓመቱ፣ ሴቷ ሁለት ዓመቷ ነበር። ዲቪው ለባልና ለልጆችም ይሆን ነበር። ይሁንና የአራት ሰው የቪዛ ክፍያ፣ የሕክምና ምርመራና የአውሮፕላን ትኬት ከመምህርና ከነርስ ደመወዝ የሚወጣ አልሆነም። «አንቺ ቀድመሽ ሂጂ፤ ሥራ ስትይዢ እንከተልሻለን» ተባባሉ። ጾመው ጸለዩበት። አንድ ነገር ግን ሳይጠይቁ ቀሩ፤ የእኛ ቪዛ እስከ መቼ ይጠብቀናል?

የዲቪ ዓመት የሚዘጋው ሴፕቴምበር 30፣ በእኛ መስከረም 20 ቀን ነው። ከዚያ በኋላ በዚያ ዕጣ ለተከታይ ቤተሰብም ቪዛ አይሰጥም ነበር። እርሷ አሜሪካ የገባችው በሐምሌ ወር ነው። መስከረም 20 ሲያልፍ ገና የሰው ቤት ሳሎን ውስጥ ትተኛ ነበር። የቀረው መንገድ በግሪን ካርዷ ለባሏና ለልጆቿ ማመልከት ነበር፤ እርሱም ወረፋ ነበረበት። «ስድስት ወር ነው» ተባብለው የተለያዩት ባልና ሚስት አምስት ዓመት ተለያዩ። (የአሜሪካ የኢሚግሬሽን ሕግ በየጊዜው ስለሚለወጥ የነገርኳችሁ ያኔ የነበረውን ነው፤ የዛሬውን ከራሱ ከኤምባሲው ጠይቁ እንጂ ከጎረቤት አትስሙ።)

በማለፍ አንድ ነገር ልናገር። በዚያ ዘመን ባል እያላት «ያላገባሁ» ብላ የሞላች፣ ገንዘብ ለከፈለ ሰውም በወረቀት ሚስት የሆነች ነበረች፤ በየቤተ ክርስቲያናችንም ነበረች። ሕጉ ያለውን ባልና ያሉትን ልጆች ሳይጠቅሱ መመዝገብን ዕድሉን የሚያሳጣ ጥፋት አድርጎ ይቈጥረው ነበር። አብራም ከረሃብ ሸሽቶ ወደ ግብፅ ሲወርድ ስለ ሚስቱ ምን እንዳስወራ፣ ሦራም በዚህ የተነሣ በማን ቤት እንደ ተገኘች ዘፍጥረት 12ን አንብቡ። የእምነት አባታችን ነው፤ ረሃቡም እውነተኛ ረሃብ ነበር።

ወደ እኅታችን ልመለስ። በአገራችን ነርስን በባዶ ስሟ የሚጠራት የለም፤ «ሲስተር» ትባላለች። አያቷ የሚሆኑ ሽማግሌ እንኳ «ሲስተር፣ እባክሽን» ይሏታል። ሜሪላንድ በአንድ የአረጋውያን መጦሪያ ስትቀጠር ግን ደረቷ ላይ የተለጠፈው ስሟና «የነርስ ረዳት» የሚል ቃል ነበር። በአሜሪካ የነርስነት ፈቃድ የሚሰጠው የየስቴቱ የነርሲንግ ቦርድ ነው። ያለዚያ ፈቃድ የዘጠኝ ዓመት ልምድ መርፌ አያስይዝም። በመጦሪያ ለሚሠራ የነርስ ረዳት የፌዴራሉ ሕግ የሚጠይቀው ሥልጠና ቢያንስ 75 ሰዓት ነው። አዋላጅ ክፍል ስንቱን ሕፃን የተቀበለች ሴት፣ አልጋ እንዴት እንደሚነጠፍ ስትማር ሰነበተች።

ይህ ብቻ አይደለም። በእኛ ሆስፒታል በሽተኛውን የሚያጥበው፣ የሚያጎርሰው፣ ልብሱን የሚቀይረው ማን ነው? አስታማሚው ነው። ነርሷ መድኃኒት ትሰጣለች፣ ቁስል ትጠርጋለች፣ ሐኪሙን ትከተላለች። እዚያ አስታማሚ የሚባል የለም። በመጀመሪያው ሳምንት አንዲት አሮጊት ከነሽንት ጨርቃቸው ሰጧት። አጠበቻቸው፤ ከዚያ መጸዳጃ ቤት ገብታ በሩን ቆልፋ አለቀሰች። «ዮሐንስ ምዕራፍ 13ን በሴል ኅብረት ስንት ጊዜ አስተምሬአለሁ» አለችኝ፤ «እግር ማጠብ በማስተማር ጊዜ ቀላል ነው።» እኔም ያንን ምዕራፍ በመጽሐፍ ቅዱስ ኮሌጅ ተፈትኜበት ጥሩ ውጤት አግኝቼበታለሁ። የማንንም ሽንት ጨርቅ ግን ከልጆቼ በቀር አልቀየርኩም።

ከሥራው ይልቅ የጎዳቸው እርሷ መደበቋ ነው። ባሏ በስልክ «ሥራ እንዴት ነው?» ሲላት «ሆስፒታል ይዣለሁ» አለችው። የዋሸችው ከእፍረት ነው፤ እርሱም እንዳያፍር ብላ። እርሱም በየሄደበት «ባለቤቴ በአሜሪካ ነርስ ናት» ይል ነበር። ሁለት ዓመት እንዲህ ሄደ። ከዚያ ከሜሪላንድ ለሠርግ የመጣ ሰው በምግብ መካከል እንደ ቀላል ነገር እውነቱን ተናገረ። በዚያ ሌሊት በስልክ የተናገራትን ቃል አልጽፈውም። አንድ ነገር ከደበቀች ሌላም ትደብቃለች ብሎ ጠረጠረ። ለሦስት ወር የተነጋገሩት ስለ ገንዘብና ስለ ልጆች ትምህርት ቤት ብቻ ነበር። ለእኔና ለባለቤቴ ነገሩ የደረሰን ያኔ ነው።

እንግዲህ ፈቃዱ ለምን ዘገየ? የነርሲንግ ቦርዱ የትምህርት ማስረጃን የሚቀበለው የተማሩበት ትምህርት ቤት ራሱ በቀጥታ ሲልከው ነው። ባሏ ከክፍለ ጊዜው እየተረፈው ሬጅስትራር ቢሮ ተመላለሰ፤ ፋይሉ ጠፋ፣ ተገኘ፣ ፈራሚው ሥልጠና ሄደ። ስምንት ወር ፈጀ። ከዚያም በዲፕሎማዋ ላይ የአባቷ ስም የተጻፈበት የእንግሊዝኛ ፊደል ከፓስፖርቷ ጋር አልገጠመም። የሥነ አእምሮ ነርሲንግ ልምምዷ ስንት ሰዓት እንደ ነበር የሚገልጽ ደብዳቤም ተጠየቀ። ይህ ሁሉ ከመሄዷ በፊት አዲስ አበባ ሆና ልትጨርሰው የምትችለው ነበር። አሁን በመሄድ ላይ ያለሽ እኅቴ፣ የስምሽን ፊደል ዛሬ አስተያዪ፤ ትምህርት ቤትሽ ማስረጃ የሚልክበትን መንገድና የሚልከውንም ሰው ሳታውቂ አትሂጂ።

ፈተናው ኤንክሌክስ ይባላል። ኮምፒውተሩ እንደ አመላለስሽ ጥያቄውን እያከበደና እያቀለለ ይሄዳል። ያኔ ከ75 እስከ 265 ጥያቄ በስድስት ሰዓት ነበር፤ ከ2023 እ.ኤ.አ. ወዲህ ከ85 እስከ 150 ጥያቄ በአምስት ሰዓት ሆኗል። እኅታችን በመጀመሪያው ወደቀች። መድኃኒቱንና በሽታውን አጥታው አይደለም። በእኛ ዘንድ ክፉ ዜና ሲኖር ሐኪሙ የሚጠራው ወንድሙን ወይም የበኩር ልጁን ነው፤ በሽተኛው እንዳይደነግጥ ይደበቅለታል፤ ይህም ፍቅር ነው። እዚያ የሚነገረው ለራሱ ለበሽተኛው ነው፤ ያለ ፈቃዱ ለልጁ መንገር ጥፋት ነው። በእኛ ነርስ ሐኪሙ ያዘዘውን ትፈጽማለች፤ እዚያ የታዘዘው መጠን ከበዛ «አልሰጥም» ብላ ሐኪሙን መልሳ መጠየቅ ግዴታዋ ነው። እነዚህን ጥያቄዎች የመለሰችው እንደ ጨዋ ኢትዮጵያዊት ነርስ ነበር። በ2001 ዓ.ም. ለሁለተኛ ጊዜ ተቀምጣ አለፈች።

አሁን ወደ ባልየው እንምጣ፤ ስለ እርሱ የሚጽፍ ስለሌለ። በየወሩ ገንዘብ ይመጣለት ነበር፤ ሰው የሚያየው ይህንን ነበር። በመምህራን ማረፊያ ክፍል «አንተማ ምን አለብህ፣ ሚስትህ ትቀልብሃለች» ይሉት ነበር። ሌሊት ትኩሳት የያዘውን ልጅ ታቅፎ ሲዞር ያየው ግን የለም። እርሷ ከሌሊት ፈረቃ ስትወጣ እዚያ ጠዋት አንድ ሰዓት ነው፤ አዲስ አበባ ከቀኑ ስምንት ወይም ዘጠኝ ሰዓት። ያን ጊዜ እርሱ ክፍል ውስጥ ጠመኔ ይዟል፤ ልጆቹም ትምህርት ቤት ናቸው። እርሱ ከሥራ ሲመለስ እርሷ ተኝታለች። አምስት ዓመት በዚህ መካከል አለፈ።

እኛስ? ቤተ ክርስቲያናችን አዳራሽ ስትሠራ ለእርሷ ደብዳቤ ጽፋለች። የጣሪያ ቆርቆሮ ገዝታልናለች፤ ስሟም ከመድረክ ተመስግኗል። እርሱን ግን «እንቅልፍ ትተኛለህ?» ብሎ የጠየቀው ሽማግሌ አልነበረም። ይህን የምጽፈው ማንንም ለመክሰስ አይደለም፤ ደብዳቤውን ካረቀቁት አንዷ እኔ ነኝ።

ታዲያ አትሂዱ ማለቴ ነው? አይደለም። ጌታ በሉቃስ 14 ግንብ ሊሠራ ስለሚፈልግ ሰው የተናገረውን ታውቃላችሁ፤ አስቀድሞ ተቀምጦ ኪሳራውን ይቈጥራል። እኛ ብዙ ጊዜ ቆመን እንጸልያለን እንጂ ተቀምጠን አንቈጥርም። ባልና ሚስት ወረቀትና እርሳስ ይዛችሁ አንድ ማታ ተቀመጡ። የምትቈጥሩት ዶላሩን ብቻ አይሁን። ማስረጃው ስንት ወር፣ የእንግሊዝኛ ፈተናው ስንት ወር፣ የቦርዱ ፈተና ስንት ወር፤ እስከዚያ በምን ሥራ ትኖሪያለሽ፤ አንተስ ሚስትህ የነርስ ረዳት መሆኗን ለእናትህ ለመናገር አፍህ ይችላል? ጳውሎስ በ1ኛ ቆሮንቶስ 7፥5 የባልና ሚስት መለያየት በስምምነትና ለጊዜው እንዲሆን ሲመክር ምክንያቱንም ይነግረናል፤ ሰይጣን እንዳይፈትናቸው ነው። «ለጊዜው» ማለት ቀን ያለው ነው። እኔ በበኩሌ አብሮ ለመሄድ አንድ ዓመት መዘግየት፣ ቀድሞ ሄዶ አምስት ዓመት ከመለያየት ይሻላል እላለሁ። ትኬቱን ለመበደር ቢያስገድድም እንኳ።

ሌሎች አገሮችም የራሳቸው መንገድ አላቸው። ጀርመን ብዙውን ጊዜ ቢ2 የተባለውን የቋንቋ ደረጃ ትጠይቃለች፤ በባሕረ ሰላጤው አገሮች የማስረጃ ማጣራትና በኮምፒውተር የሚሰጥ የሙያ ፈተና አለ። ስለ እንግሊዝ ግን አንድ ነገር እወቁ። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. የጤና ባለሙያ እጥረት የጠናባቸውን 55 አገሮች ሲዘረዝር ኢትዮጵያ አለችበት። እንግሊዝም ቀጣሪዎች ከእነዚህ አገሮች ራሳቸው ሄደው ነርስ እንዳይመለምሉ ደንብ አላት፤ በራሷ የምታመለክተውን ነርስ ግን አይከለክልም። ስለዚህ ቢሮ ከፍቶ «ለእንግሊዝ ሆስፒታል እንመለምላለን፤ ምዝገባው ይህን ያህል ብር» የሚላችሁ ሰው ቢመጣ ቦርሳችሁን ዝጉ። ያ ዝርዝር ሌላም ጥያቄ ያስነሣብኛል፤ የሄደችው ነርስ ትታው የሄደችው ዎርድ ውስጥ ማን አለ? ይህን ጥያቄ ለምትሄደው ብቻ መጫን ግን አልወድም። ደመወዟን አውቀዋለሁና።

ባልና ልጆች በ2002 ዓ.ም. ተከተሏት። ያን ጊዜ እርሷ ፈቃድ ያላት ነርስ ሆና በሆስፒታል በሳምንት ሦስት ሌሊት፣ አሥራ ሁለት አሥራ ሁለት ሰዓት ትሠራ ነበር። መምህሩ ደግሞ መኪና ማቆሚያ ውስጥ ቲኬት መቁረጥ ጀመረ። እርሷ በአምስት ዓመት የጨረሰችውን ልቅሶ እርሱ አሁን ጀመረው። ነገር ግን በዚህ ጊዜ የሚያውቅለት ሰው ነበረው። በመጀመሪያው ሳምንት ማታ ሲመለስ እግሩን በሙቅ ውኃ ዘፍዝፋ «የኔም እንዲህ ነበር ያበጠው፤ ሳልነግርህ» አለችው። ስለ ደበቀችው ነገር በእውነት ይቅርታ የጠየቀችው በዚያ ምሽት እንደ ሆነ እርሱ ነግሮኛል። ዛሬ ሽሮ የሚሠራው እርሱ ነው፤ የቤቱ ራስነት በድስት እንደማይቀንስ ራሱ ይቀልዳል። እንግዶች ሲመጡ ግን ድስቱን ለእርሷ ያስረክባል፤ ሁሉ በአንድ ጊዜ አይሆንም።

ልጅቷ ያኔ ሰባት ዓመቷ ነበር። ዋሽንግተን ደለስ አውሮፕላን ጣቢያ እናቷ ዕንባዋን እያፈሰሰች ስታቅፋት ቀጥ ብላ ቆመችና «እንደምን ዋሉ?» አለቻት። አያቷ እንግዳ ስታዪ አክብሪ ብለው አሳድገዋታል። ለወራት እናቷን «እርስዎ» ስትል ኖረች። እናትየውም አላረመቻትም፤ በምን አፌ ብላ። አንድ ጠዋት በበረዶ ምክንያት አውቶቡስ ዘግይቶ ከፈረቃ ሁለት ሰዓት አርፍዳ ስትመጣ፣ ልጅቷ የትምህርት ቤት ቦርሳዋን እንዳዘለች ደረጃው ላይ ቆማ ጠበቀቻትና «የት ነበርሽ?» ብላ ጮኸችባት።