ለግል ኮሌጅ በሬ ከመሸጥ በፊት ሊመዘኑ የሚገባቸው ጉዳዮች

ባሕር ዳር፦ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ውጤት ይፋ በሚሆንበት ሰሞን በገጠርም በከተማም አንድ ጥያቄ ይነሳል። ልጁ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲ ካልገባ ቤተሰቡ ከፍሎ በግል ኮሌጅ ያስተምረው ወይስ ገንዘቡን ለሌላ ቁም ነገር ያውለው? በአርሶ አደሩ ቤት ይህ የበሬ፣ የእህልና የመሬት ጥያቄ ነው። ክፍያው የሚሟላው ከብት ተሸጦ፣ ጎተራ ተራቁቶ ወይም ማሳ ለዓመታት ተከራይቶ ነውና።

ኮሌጁ ውድ ነው ወይስ ርካሽ የሚለው ብቻውን መልስ አይሰጥም። ዋናው ጉዳይ ተማሪው በመጨረሻ ሕጋዊ ዲግሪ ይዞ የመውጣት ዕድሉ ምን ያህል ነው የሚለው ነው።

ጥያቄው ለምን በረታ?

ትምህርት ሚኒስቴር የብሔራዊ ፈተናውን አሰጣጥ ካጠበቀ ወዲህ 50 በመቶና ከዚያ በላይ የሚያመጡት ጥቂቶች ናቸው። በ2014 ዓ.ም. ተፈታኞች 3.3 በመቶ፣ በ2015 ዓ.ም. 3.2 በመቶ፣ በ2016 ዓ.ም. 5.4 በመቶ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ 8.4 በመቶ ብቻ አልፈዋል።

ከማለፊያው በታች ያመጡ ተማሪዎች በቀጥታ ዲግሪ መጀመር አይችሉም። ሚኒስቴሩ በየዓመቱ የሚቆርጠውን ነጥብ ያሟሉት የአቅም ማሻሻያ ትምህርት ተከታትለው፣ ፈተናውን ካለፉ ወደ ዲግሪ ይሻገራሉ። ይህ ደንብ የግል ኮሌጆችንም ይመለከታል። ስለዚህ «መጀመሪያ ይመዝገብ፣ ነጥቡ በኋላ ይታያል» የሚል ምክር የሰማ ወላጅ ገንዘቡን ከኪሱ ሳያወጣ ቆም ብሎ ማጣራት ይኖርበታል። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

ለኮሌጁ የሚከፈለው ከወጪው ከፊሉ ነው

ብዙ ቤተሰቦች የሚያሰሉት ወርኃዊውን የትምህርት ክፍያ ነው። ለማሳያ ያህል ክፍያው በወር 2,500 ብር ነው እንበል። በዓመት ለአሥር ወራት፣ ለአራት ዓመታት ሲከፈል 100,000 ብር ይሆናል። ከገጠር መጥቶ ከተማ ቤት የሚከራይ ተማሪ ለኪራይ፣ ለቀለብና ለመጓጓዣ በወር 5,000 ብር ቢያስፈልገው በዚሁ ጊዜ 200,000 ብር ይወጣል። ድምሩ 300,000 ብር ደረሰ ማለት ነው። ቁጥሮቹ እንደ ከተማውና እንደ ኮሌጁ ይለያያሉ፤ ስሌቱ የሚያሳየው ግን ለገጠር ቤተሰብ ኑሮው ከትምህርት ክፍያው ሊበልጥ እንደሚችል ነው። ከወላጆቹ ቤት እየተመላለሰ የሚማር የከተማ ልጅ ይህን ጫና በእጅጉ ይቀንሳል።

በዚህ ላይ የመመዝገቢያ፣ የመጽሐፍና የመመረቂያ ወጪ አለ። ልጁ በእርሻው ላይ ያበረክት የነበረው ጉልበትም ዋጋ አለው። በአጨዳና በውቂያ ወቅት በምትኩ የቀን ሠራተኛ የቀጠረ አርሶ አደር ይህን ጠንቅቆ ያውቀዋል።

አሁን መመለሻውን እንመልከት። ተመራቂው በዲግሪው ምክንያት ያለዲግሪ ከሚያገኘው በወር 3,000 ብር ብልጫ ቢያገኝ፣ 300,000 ብሩን ለመመለስ 100 ወራት ያስፈልጉታል። ይህም ስምንት ዓመት ከአራት ወር ነው። ሥራ ፍለጋ የሚያልፈው ጊዜ ሲጨመርበት ደግሞ ይረዝማል።

የመውጫ ፈተና ያመጣው ለውጥ

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ለማግኘት ትምህርቱን መጨረስ ብቻ አይበቃም። የመንግሥትም ሆነ የግል ተቋም ተማሪ የመውጫ ፈተና ወስዶ 50 በመቶና ከዚያ በላይ ማምጣት አለበት። ያላለፈ ተማሪ ደግሞ መፈተን ይችላል፤ እስኪያልፍ ድረስ ግን ዲግሪው አይሰጠውም።

በሐምሌ 2015 ዓ.ም. በተሰጠው የመጀመሪያው ዙር ከ150 ሺህ በላይ ተማሪዎች ተፈትነው 40.65 በመቶ አልፈዋል። ከመንግሥት ተቋማት ያለፉት 62.37 በመቶ ሲሆኑ ከግል ተቋማት ያለፉት 17.2 በመቶ ብቻ ነበሩ። በዚያ ዙር ከተፈተኑ ስድስት የግል ተቋም ተማሪዎች አንዱ ገደማ አለፈ ማለት ነው።

ይህ ውጤት ግን በጥንቃቄ መነበብ አለበት። ከፍተኛ ነጥብ ያመጡ ተማሪዎች አብዛኞቹ ወደ መንግሥት ዩኒቨርሲቲዎች ስለሚሄዱ የግል ኮሌጆች የሚቀበሉት ከቀሩት ነው። በማታና በቅዳሜና እሑድ እየሠሩ የሚማሩም ጥቂት አይደሉም። አማካይ ቁጥሩ በኮሌጆችና በትምህርት ክፍሎች መካከል ያለውን ልዩነትም ይሸፍናል። ስለዚህ ወላጅ ሊጠይቅ የሚገባው «የግል ኮሌጅ ጥሩ ነው?» ብሎ ሳይሆን «ልጄ በሚገባበት የትምህርት ክፍል ባለፉት ዙሮች ስንት ተፈትኖ ስንት አለፈ?» ብሎ ነው። ይህን ቁጥር በግልጽ ለመናገር የሚያመነታ ኮሌጅ በሌላውም ነገር ሊያጠራጥር ይገባል።

ፈቃዱ ለየትኛው ትምህርት፣ ለየትኛው ቅርንጫፍ?

የዲግሪ ትምህርት የሚሰጥ የግል ተቋም ዕውቅና የሚያገኘው ከፌዴራሉ የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ነው። ዕውቅናው በጥቅሉ ለኮሌጁ ስም የሚሰጥ አይደለም፤ ለእያንዳንዱ የትምህርት መስክ፣ ለትምህርት ደረጃው፣ ለአሰጣጡ ዓይነትና ለሚሰጥበት ቅርንጫፍ ተለይቶ ነው። አዲስ አበባ ላይ ሒሳብ አያያዝ ለማስተማር ፈቃድ ያለው ኮሌጅ በሌላ ከተማ በከፈተው ቅርንጫፍ ያንኑ ትምህርት ለመስጠት የራሱ ፈቃድ ያስፈልገዋል።

ባለሥልጣኑ በቅርብ ዓመታት የግል ተቋማት ዳግም እንዲመዘገቡ አድርጓል። ግድግዳ ላይ የተሰቀለ የቆየ ፈቃድ ዛሬም ይሠራል ብሎ መገመት ስለዚህ ያሳስታል። ፈቃዱን ከኮሌጁ ብቻ ሳይሆን ከባለሥልጣኑም ማረጋገጥ ይገባል።

ዲግሪ ብቸኛው መንገድ አይደለም

በመንግሥት ቴክኒክና ሙያ ኮሌጆች በደረጃ የሚሰጡ ሥልጠናዎች ከዲግሪ ባነሰ ጊዜና ወጪ ይጠናቀቃሉ። ኤሌክትሪክ፣ ብየዳ፣ የመኪና ጥገና፣ ልብስ ስፌትና ግንባታ የተማረ ወጣት ቅጥር ባያገኝ እንኳ በሙያው ራሱን ሊያሠራ ይችላል። እዚህም የብቃት ምዘናን ማለፍ ግድ ነው። በክልላችን ወረታ፣ ቡሬ፣ ኮምቦልቻና መርሳ የሚገኙት የግብርና ኮሌጆች ለዓመታት የልማት ጣቢያ ሠራተኞችን ሲያሠለጥኑ ቆይተዋል።

«ያን ገንዘብ ለውኃ መሳቢያ ፓምፕ ወይም ለከብት ማድለብ ባውለው» የሚል አርሶ አደርም ሐሳቡ የሚናቅ አይደለም። ነገር ግን ማሳው ጠቦ ለልጆች ማካፈል በማይቻልበት ቤት ትምህርት ከመሬት ውጭ የሚገኝ ውርስ ነው። የተማረ ልጅ ለቤተሰቡ የሚሰጠው ጥቅምም በደመወዝ ብቻ አይለካም።

መክፈል የሚያዋጣው መቼ ነው?

ተማሪው የመግቢያ መስፈርቱን አሟልቶ፣ ፈቃዱ ተረጋግጦ፣ የትምህርት ክፍሉ የመውጫ ፈተና ውጤት ታውቆና የአራት ዓመቱ ወጪ እስከ መጨረሻው ተሰልቶ ከሆነ የግል ኮሌጅ ወጪው ሊካስ ይችላል። ከእነዚህ አንዱ ከጎደለ ዓመቱን በሙያ ሥልጠና ወይም ብሔራዊ ፈተናውን በድጋሚ ለመውሰድ በመዘጋጀት ማሳለፍ የተሻለ ነው።

ለአርሶ አደሩ አንድ ተጨማሪ መለኪያ አለ። ክፍያው ከትርፍ ምርት ወይም ከደለበ ከብት የሚወጣ ከሆነ ክረምት ሲመጣ እርሻው አይቆምም። የሚታረስበት ጥማድ በሬ ተሸጦ ወይም ማሳው ለአራት ዓመት ተከራይቶ ከሆነ ግን የሁለተኛው ዓመት ክፍያ ከየት እንደሚመጣ ከወዲሁ መታወቅ አለበት። በገንዘብ እጦት በመካከሉ የተቋረጠ ትምህርት ቤቱን በሬውንም ዲግሪውንም ያሳጣዋል።

ክፍያ ሲፈጸም ደረሰኝ መቀበል፣ በየመንፈቅ ዓመቱ የውጤት መግለጫ መያዝና ክፍያው ሊጨምር የሚችልበትን ሁኔታ በጽሑፍ መጠየቅም የወላጅም የተማሪም መብት ነው።