የተሰፋ ቀበቶ

ባለፈው ክረምት አንዲት ዲኤክስ ኮሮላ ለፍሬን ሥራ ወደ ጋራዣችን መጣች። ባለቤቷ ከአባቱ የወረሳት የመንግሥት ሠራተኛ ነው፤ ጠዋት ጠዋት ልጆቹን ትምህርት ቤት ያደርስባታል። ፍሬኑ አልቆ ሒሳብ ስንነጋገር፣ «ጋሼ፣ የሾፌሩ ሲት ቤልት አልጠቀለል ብሏል፤ እግረ መንገድዎን ሞላውን ጠበቅ ቢያደርጉልኝ» አለኝ። ቀበቶውን ስስበው ደረት ላይ በሚያርፈው ቦታ አንድ ስንዝር ያህል ሌላ ጨርቅ ተደርቦበት በጥቁር ክር ተሰፍቷል። የወንበር ልብስ የሚሰፋ ሰው ነው የሠራው፤ ስፌቱ ቀጥ ያለ፣ እጅ ያለበት ሥራ ነው። «ድርብ ስለሆነ ከበፊቱ ይጠነክራል» አለኝ፤ ከልቡ ነበር። ሞላውን እንደማልነካ፣ ቀበቶው ከነመጠቅለያ ሳጥኑ መቀየር እንዳለበት ስነግረው ቅር አለው። «ትራፊክ እንዳይዘኝ ያህል ብቻ እኮ ነው» ብሎ ሒሳቡን ከፍሎ ሄደ። ቀበቶው እንደተሰፋ ነው።

ሰውየው ቸልተኛ አልነበረም፤ የሚከነክነኝም ይኸው ነው። የፍሬን ሸራው ገና ሳይጮህበት ያስቀየረ፣ የጎማውን ጥርስ በየጊዜው የሚያይ፣ ለመኪናው የሚሳሳ ሰው ነው። ስለ ቀበቶ ግን አብዛኞቹ ደንበኞቼ የሚያስቡትን ያስባል። ቀበቶ ጨርቅ ነው፤ ጨርቅ ሲቀደድ ይሰፋል፤ ከተሰፋና ምላሱ መቆለፊያው ውስጥ ገብቶ «ቀጭ» ካለ ሠርቷል። በዚህ ሥራ ላይ ከቆየሁበት ጊዜ ጀምሮ ይህን ሐሳብ በየሳምንቱ እሰማዋለሁ፤ የሚናገሩት ደግሞ የተማሩ ሰዎች፣ አንዳንዴም የሙያ ባልደረቦቼ ናቸው።

ጨርቅነቱን አልክድም። ከፖሊስተር ክር የተሸመነ፣ ስፋቱ አምስት ሴንቲ ሜትር የማይሞላ ጥብጣብ ነው። ሸክሙን የሚችሉት ግን በቁመቱ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጡ የሚሄዱት ክሮች ናቸው። የተባበሩት መንግሥታት የተሽከርካሪ ደንብ ቁጥር 16 ይህ ጥብጣብ ብርሃን፣ ሙቀት፣ ብርድ፣ ውኃና ፍትጊያ ካገኘው በኋላ እንኳ 1,500 ኪሎ ግራም ገደማ ሸክም ሳይበጠስ እንዲችል ያዝዛል። ቁጥሩ ዝም ብሎ የተጋነነ የሚመስለው ካለ ሒሳቡን ይሥራ። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የምትሄድ መኪና ከግንብ ጋር ብትጋጭ፣ 70 ኪሎ የሚመዝን ሾፌር ስድሳ ሴንቲ ሜትር በማይሞላ ርቀት ውስጥ መቆም አለበት። እሱን ለማቆም ከአንድ ቶን በላይ ጉልበት ያስፈልጋል። ጊዜው ደግሞ አንድ አሥረኛ ሰከንድ አይሞላም።

አሁን ወደ መርፌው እንምጣ። የልብስ ስፌት መርፌ እነዚያን የቁመት ክሮች እየበሳና እየበጠሰ ነው የሚያልፈው። ስፌቱ በበረታና በተደጋገመ ቁጥር የሚበጠሰው ክር ይበዛል፤ ያ ባለሙያ ጠንቅቆ የሰፋው ለጥንካሬ ብሎ ነው፣ ጥንቃቄው ግን ቀበቶውን የባሰ አሳሳው። በዚያ ላይ ሸክሙ ከፖሊስተሩ ወጥቶ በወንበር ልብስ ክር ላይ ይወድቃል። ሌላም አለ። ቀበቶ በግጭት ጊዜ በመጠኑ እንዲለጠጥ ሆኖ ነው የሚሸመነው፤ መለጠጡ ደረትን ከከባድ ምት ያድናል። የተደረበው ቦታ እንደ ሌላው አካሉ አይለጠጥም፤ ስለዚህ ጉልበቱ ድርቡ የሚያልቅበት መስመር ላይ ይጠራቀማል፤ ሲቀደድም ከዚያ ይጀምራል። ድርቡ ወፍራም ስለሆነም ትከሻ አጠገብ ባለው ቀለበት ውስጥ አያልፍም። የዚያች ዲኤክስ ቀበቶ ያልጠቀለለው በዚህ ምክንያት ነው፤ ሞላው ጤነኛ ነበር።

«ፋብሪካውስ ሰፍቶት የለም ወይ?» የሚሉኝ አሉ። አዎ፣ ጫፉን ከመኪናው አካል ጋር በሚያያዝበት ቦታ ይሰፋዋል። መርፌው፣ የክሩ ዓይነት፣ የስፌቱ ቅርጽና ብዛት ሁሉ የታወቀ ነው፤ ናሙናው በማሽን እስኪበጠስ ተጎትቶ ነው ሥራው የሚጸድቀው። መሃሉን ግን ፋብሪካውም አይቀጥለውም። በአሜሪካና በእንግሊዝ የድሮ መኪና ቀበቶ ብቻ የሚያድሱ ወርክሾፖች አሉ፤ እነሱም የሚያደርጉት አሮጌውን ጥብጣብ ሙሉ በሙሉ አውጥቶ በአዲስ ወጥ ጥብጣብ መተካት ነው። ዘመድ እዚያ ያለው ሰው ሳጥኑን ልኮ ማሳደስ ይችላል፤ ለቅርስነት የሚጠበቁ መኪኖች ሲሆኑ እኔም ይህን መንገድ እመክራለሁ።

ከመርፌው የማይሻለው ላይተር ነው። ጠርዙ ሲሸረፍ ክሩ እንዳይመዘዝ ብለው በእሳት ያስነኩታል። ፖሊስተር ወደ 260 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሲጠጋ ይቀልጣል፤ ቀልጦ ሲደርቅ ስል ጠርዝ ያወጣል፤ ያ ጠርዝ በተጠቀለለና በተዘረጋ ቁጥር አጠገቡ ያለውን ጤነኛ ክር ይከረክራል። የተሸረፈ ጠርዝ መልእክቱ አንድ ነው፦ ቀለበቱ ሸካራ ሆኗል ወይም ቀበቶው ተጣሞ ሲሳብ ኖሯል። ምክንያቱ መስተካከል፣ ቀበቶውም መቀየር አለበት።

ለዚህ ሁሉ ግራ መጋባት መነሻው አንድ ይመስለኛል። የመኪና ሌላው አካል ሲደክም ይናገራል። የፍሬን ሸራ ሲያልቅ ያንጫጫል፣ ባትሪ ሲደክም ጠዋት አያስነሳም፣ መሪ ሲላላ እጅ ላይ ይታወቃል። ቀበቶ የዕለት ሥራ የለውም። ሃያና ሠላሳ ዓመት ተንጠልጥሎ ይኖራል፤ ያረጀውም አዲሱም እኩል ይታሰራሉ። ስለዚህ ባለቤቱ የሚመዝነው በሚያየው ነው፤ የሚያየው ደግሞ የትራፊክ ፖሊሱን ዓይን ነው። የማርጀቱ ምልክት ግን አለ። የአዲስ አበባ ፀሐይ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ የምታገኘን ብርቱ ፀሐይ ናት፤ መኪናው ውጭ ሲያድር ሲውል የመስኮቱን ዳር ተጠግቶ የሚሰቀለው ቀበቶ ቀለሙ ገርጥቶ፣ ሲነኩት ደርቆ፣ ፀጉር አውጥቶ ይታያል። ይህን ያየ ሰው «ጨርቁ ለቀቀ» ብሎ ያልፋል። ቀለም ሊያስነክረው የሚያስብም አጋጥሞኛል፤ ቀለምና በረኪና ክሩን ያደክማሉ።

ፍትሐዊ ለመሆን፣ አልጠቀለል ያለ ቀበቶ ሁሉ የሞተ አይደለም። ጋራዣችን ከሚመጡት ብዙዎቹ ቆሽሸው ነው። ላብና አቧራ ጥብጣቡ ላይና ቀለበቱ ላይ ይለጠፋል። ቀበቶውን እስከ መጨረሻው ስቦ እንዳይመለስ ማስያዝ፣ ለብ ባለ ውኃና በለስላሳ ሳሙና ማጠብ፣ ጥላ ሥር በደንብ ማድረቅ፣ ቀለበቱን በጨርቅ መወልወል በቂ ነው። እርጥቡን መጠቅለል አይገባም። ቤንዚን ሊነካው አይገባም፤ ሳጥኑ ውስጥ ዘይት መጨመርም አቧራ መጥራት ነው። ሥራው ሳንቲም አያስወጣም፤ በመካኒክ እጅ መሆንም የለበትም።

ሳጥኑን መክፈት ግን ሌላ ነገር ነው። ውስጡ ያለችው ትንሽ ኳስ፣ በአንዳንዱ ደግሞ ፔንዱለም፣ መኪናው በድንገት ሲቆም ወይም ሲያዘነብል ተንቀሳቅሳ መቆለፊያውን ታስይዛለች። ያው ደንብ ቁጥር 16 ሳጥኑ ከአገጣጠሙ እስከ 12 ዲግሪ ቢያዘነብል እንዳይቆልፍ፣ ከ27 ዲግሪ በላይ ሲያዘነብል ግን እንዲቆልፍ ይጠይቃል። ጠባብ ልክ ነው። ስለዚህ ሳጥኑ የተሠራው ለአንድ መኪና፣ ለአንድ የምሰሶ ዘንበልታ ነው። ሶማሌ ተራ ወርዶ ከሌላ ሞዴል የተፈታ ቀበቶ ገዝቶ የሚመጣ ደንበኛ ይህን አያውቅም፤ ብሎኑ ከገባ ይሆናል ይላል። ሲገጠም ዘንበልታው ስለማይስማማ ቀበቶው ተቆልፎ አልዘረጋ ይላል። ያኔ አንዱ «ብልኅ» ሳጥኑን ከፍቶ ኳሷን አውጥቶ ይጥላታል። እንዲህ የሆኑ ሳጥኖች እጄ ገብተዋል። ቀበቶው ያለ ምንም ችግር ይዘረጋል፣ ይጠቀለላል፣ ቀጭ ይላል። በግጭት ጊዜም ያለ ምንም ችግር ይዘረጋል።

ቀበቶውን በእጅ ነጠቅ አድርጎ መሞከርም ብቻውን አይበቃም። የእጅ ንጥቂያ የሚይዘው ሌላ አካል አለ፤ አንዳንድ የድሮ ሳጥኖች ያ አካል ጭራሽ የላቸውም፣ ጤነኛ ሆነው ሳለ ለእጅ ንጥቂያ አይቆልፉም። በአንጻሩ ለእጅ የቆለፈ ሳጥን ኳሱ ተጣብቆ ሊሆን ይችላል። ሰው በሌለበት ሜዳ ቀስ እያሉ ነድቶ ፍሬን መርገጥ የተሻለ ፈተና ነው።

ከተፈታ መኪና የወጣ ቀበቶ ሲገዛ መጀመሪያ የሚጠየቀው ያች መኪና ለምን ተፈታች የሚለው ነው። አብዛኛው ጊዜ ተጋጭታ ነው። ግጭት የያዘ ቀበቶ ምልክት ይተዋል፤ ቀለበቱ ያለፈበት ቦታ ያብረቀርቃል፣ ይሸበሸባል፣ አንዳንዴ የቀለበቱ ፕላስቲክ ፍቅፋቂ ጨርቁ ላይ ቀልጦ ይቀራል። ስለዚህ ቀበቶን እስከ መጨረሻው ዘርግቶ ያላየ ሰው አላየውም። እንዲህ ያለ ምልክት ያለበትን በነፃ ቢሰጡኝም አልገጥምም። ከ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) መጨረሻ ወዲህ በተሠሩ ብዙ መኪኖች ደግሞ በግጭት ጊዜ ቀበቶውን በፈንጂ ኃይል የሚያጠብቅ አካል አለ፤ አንዴ ከፈነዳ አይደገምም። ያልፈነዳውም በካቻቪቴ የሚጎረጎር፣ ከዱባይ በመንገደኛ ሻንጣ ተጠቅልሎ የሚመጣ ዕቃ አይደለም፤ በአየር ጉዞ ሕግ አደገኛ ዕቃ ነው።

ብሎኑን በአጭሩ ልለፈው። የአብዛኞቹ መኪኖች የቀበቶ ብሎን ውፍረቱ 11 ሚሊ ሜትር ገደማ የሆነ፣ በኢንች የተለካ ጥርስ ያለው ነው። ሱቅ ያለው 10ም 12ም ልኩ አይደለም። በግድ የገባ 12 የመኪናውን ጥርስ ይበላዋል፤ 10 ደግሞ የያዘ መስሎ ይነቀላል። የራሱን ብሎን ከነሮንዴላው መመለስ ነው።

መቆለፊያውም ያረጃል። እ.ኤ.አ. በ1995 አሜሪካ ውስጥ የታካታ ቀበቶ ያላቸው፣ ከ1986 እስከ 1991 የተሠሩ ከ8 ሚሊዮን በላይ መኪኖች ለጥገና ተጠርተው ነበር፤ ቀዩ የመልቀቂያ ፕላስቲክ እያረጀ ይሰነጠቅና ስብርባሪው ውስጥ ይገባ ነበር። በዚያ ዘመን የተሠሩ የጃፓን መኪኖች ዛሬም ከተማችን ውስጥ በየቀኑ ይሠራሉ። ቀዩ ፕላስቲክ የተሰነጠቀ መቆለፊያ ሳይ ቀጭ ማለቱን አልሰማም፤ አወጣዋለሁ።

መኪኖቻችን ደግሞ ገና ያረጃሉ። የ2012ቱ የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ያገለገለ መኪና ማስገባትን አክብዶታል፤ በ2016 በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች እንዳይገቡ ተከልክሏል። ያሉት ዲኤክሶችና ቪትዞች ለልጆች ይወረሳሉ። ሞተር ሲያረጅ ይታደሳል፣ ላሜራ ሲበላ ይበየዳል፤ ለቀበቶ ግን ማንም በጀት አይዝም። ዓመታዊ ምርመራ የሚያደርጉ ባልደረቦቼን የምለምነው አንድ ነገር ነው፦ ቀበቶ መኖሩን አይታችሁ አትለፉ፣ እስከ መጨረሻው ስባችሁ እዩት፤ የኋላውንም ጭምር። የኋላ መቆለፊያዎች አብዛኛውን ጊዜ አዲስ በተሰፋ የወንበር ልብስ ሥር ተቀብረው ነው የማገኛቸው፤ ልጆቹ የሚቀመጡት ደግሞ እዚያ ነው።

ከመኪና ያወጣሁትን ቀበቶ ጥብጣቡን በየስንዝሩ ቆርጬ ነው የምጥለው። ደንበኛው «ለቁራሌው እሰጠው ነበር» ብሎ የሚቆጣበት ጊዜ አለ። ካልቆረጥኩት ግን ታጥቦ፣ ተጠቅልሎ፣ ምናልባትም ተሰፍቶ ሌላ መኪና ላይ ይገጠማል፤ ያን መኪና የሚነዳው ሰው ደግሞ እኔ ያየሁትን ለማየት ዕድል አያገኝም።