በቤት የሚገጣጠም ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር
በቤት የሚገጣጠም ዴስክቶፕ ኮምፒዩተር ክፍሎቹ ለየብቻ ተገዝተው በተጠቃሚው የሚገጠሙ ኮምፒዩተር ነው። ድምፁም ሆነ ዕድሜው በአብዛኛው ከሙቀት ጋር የተያያዘ ነው። ሮቤ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለምትገኝ አየሯ ከባሕር ጠረፍ አየር ከአንድ አምስተኛ በላይ የሳሳ ነው፤ ቢቀዘቅዝም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ስለዚህ ትንሽ ማራገቢያ በፍጥነት እየዞረ ይጮኻል፤ የ120 ሚሊሜትር ማራገቢያ ግን ያንኑ አየር በዝግታ ያንቀሳቅሳል። ለትምህርትና ለፕሮግራሚንግ ግራፊክስ ያካተተ 65 ዋት ፕሮሰሰር ይበቃል። ከግራፊክስ ካርድ የተረፈው ገንዘብ ለጥሩ ፓወር ሰፕላይና ለዩፒኤስ ቢውል ይሻላል፤ መብራት በድንገት ሲጠፋ ያልተቀመጠ ሥራ አብሮ ይጠፋልና። የተለመደው ሃርድ ዲስክ ማንበቢያው በአየር ላይ ስለሚንሳፈፍ ብዙውን ጊዜ የሚፈቀደው እስከ 3,000 ሜትር ገደማ ነው። ሮቤና ጎባ ከዚህ በታች ናቸው፤ የሳነቴ አምባ ግን ከ4,000 ሜትር ያልፋል። ኤስኤስዲ ተንቀሳቃሽ አካል ስለሌለው ድምፅ አያሰማም።